አንድ መብራት፣ ብዙ ማብሪያ



እዚህ አዳማ የምንማር፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ጎረቤቶች ነን። ሆኖም ከደረጃው ግርጌ ያበራነውን መብራት ከላይ ማጥፋት ካልቻልን፣ ወይ በጨለማ እንወድቃለን፣ ወይም መብራቱ በጠራራ ፀሐይ ሲበራ ይውላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በመስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ ሽቦ መቀበያው 3 የሆነ ማብሪያ፣ በመካከሉ የፈለግነውን ያህል መቀበያው 4 የሆነ ማብሪያ እናደርጋለን። ማንኛውም ሲነካ የበራው ይጠፋል፣ የጠፋው ይበራል።

ሴንሰር ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ያገናኛል ወይም ያቋርጣል እንጂ አይገለብጥም። ሰው ሲያልፍ የሚሠራውን ከማብሪያዎቹ ጎን ለጎን ብናስረው ያበራልናል፤ በማብሪያ የበራውን ግን ማጥፋት አይችልም። የቀን ብርሃን የሚለየውን ከሁሉ አስቀድመን በፌዙ ላይ ብናስገባው፣ ሲነጋ ሁሉንም ያቋርጣል። እንግዲህ ሽቦ ከመዘርጋታችን በፊት የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ እንወስን።

አደራ፦ የሚቋረጠው ፌዙ ይሁን። ኒውትራሉ ብቻ ከተቋረጠ መብራቱ ጠፍቶም 220 ቮልት በአምፖሉ መያዣ ውስጥ ይጠብቃል፤ አምፖሉን የሚቀይረውም ወንድማችን ነው።