ፀሐይን በባዶ ዓይን አትዩ



ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። በላሊበላ ፀሐይ የእሳት ቀለበት መሰለች። በሐረር በከፊል ብቻ ተሸፈነች።

ፀሐይ በዙሪያዋ ስስ የጋዝ ካባ አላት። የፀሐይ ዘውድ ይባላል። ሙቀቱ ከ1 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ነው። ታዲያ ለምን አናየውም? የፀሐይ ብርሃን ስለሚበልጠው ነው። ማታ ፋኖስ አብሩ፤ ነበልባሉን በመዳፋችሁ ጋርዱ። በዙሪያው ያለው ጭስ ይታያችኋል። በ1988 ዓ.ም. የተላከችው ሶሆ የተባለች መንኮራኩርም እንዲሁ አደረገች። ፀሐይን በትንሽ ክብ ጋርዳ ዘውዱን አነሳች። ፍንዳታውንና ማዕበሉን አሳየችን።

ፍንዳታው ለእኛ ምናችን ነው? ሲበረታ በቀን የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ድምፅ ያጠፋል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በሐረር ፀሐይ በከፊል የምትጋረድበት ቀን ነው። አደራ! የዓይን ውስጡ ሲቃጠል አያምም። ልጁ ሳያውቀው ዓይኑ ሊጎዳ ይችላል። በጠቆረ ጠርሙስም፣ በውሃ ላይም አትዩ። ካርቶን በመርፌ ብሱ። ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ። በቀዳዳው ያለፈውን ብርሃን በግድግዳ ላይ እዩ፤ የግርዶሹን መልክ ታገኛላችሁ።

ይህን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ደኅና ሁኑ።