የሕዋ መርሐ ግብሮቻችንና የድግግሞሽ ጥያቄ



ያደግሁት መርካቶ፣ አማኑኤል አካባቢ ነው። በዚያ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች በአንድ ተራ ተደርድረው ይገኛሉ፤ ይህን ብክነት ብሎ የሚጠራው ግን አልሰማሁም። ገዥው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ዋጋና ጥራት ያነጻጽራል። የመንግሥት የሳይንስ ተቋማት ተመሳሳይ ሥራ ሲሠሩ ግን እንዲህ የሚያነጻጽር ገዥ የላቸውም።

በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም፣ የካርታ ሥራ አስቀድሞ የሌላ መሥሪያ ቤት ነበር። ሁለቱ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ተዋሕደው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆነዋል። ውሕደቱን እደግፋለሁ፤ ሁለቱም የሳተላይት ምስል ይጠቀማሉና። ነገር ግን መዋቅር ማዋሐድ ድግግሞሽን መመርመር አይደለም።

ከባዱን ምሳሌ ልጥቀስ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሕዋ የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ምድርን የምታየው በ13.7 ሜትር ገደማ የምስል ጥራት ነበር። የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ግን ያኔም የ10 ሜትር ምስል ለማንም በነጻ ይሰጡ ነበር። በምስሉ ብቻ ከመዘንናት ድግግሞሽ ናት፤ ይህን ሳንሸሽ እንናገር። ይሁንና የኢትዮጵያ መሐንዲሶች በንድፏ ተሳትፈዋል፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋም እንጦጦ ላይ ነበር። ይህን መሰሉን ልምድ ከድረ ገጽ ማውረድ አይቻልም።

ስለዚህ መርማሪው «ሌላ ቦታ ይገኛልን?» ከማለት አስቀድሞ «ምኑ ነው የሚገኘው?» ብሎ ይጠይቅ። ምስሉ በነጻ ከተገኘ ለምስል ብሎ ገንዘብ አይመደብ። ለሥልጠና የወጣው ደግሞ በሥልጠናነቱ ይመዝገብ፤ የሠለጠኑት ዛሬ የት እንዳሉም ይጠየቅበት።