ሃይድሮጂኑ ከወዴት መጣ?

(በማኅበራችን የሳይንስ ውይይት ላይ የተነገረ)



በሃይድሮጂን የሚሄድ አውቶሞቢል ሲወሳ ብዙ ሰው ጋዙ እንደ ቤንዚን በሞተሩ ውስጥ የሚቃጠል ይመስለዋል። ዛሬ የምንነጋገርበት መኪና ግን እንዲህ አይደለም። በውስጡ እሳት የለም፤ ካንዴላም የለም። የራሱን ኤሌክትሪክ እያመነጨ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ ነው።

አሠራሩም ይህ ነው። የነዳጅ ሴል በሚባለው መሣሪያ መካከል አንድ ስስ ሽፋን አለ፤ በግራና በቀኙም ፕላቲነም ተለብጧል። ሃይድሮጂኑ በአንዱ ወገን ሲገባ ፕላቲነሙ አቶሙን ወደ ፕሮቶንና ወደ ኤሌክትሮን ይለየዋል። ሽፋኑ ፕሮቶኑን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሮኑን ግን ይከለክላል። ስለዚህ ኤሌክትሮኑ ተገድዶ በሽቦ ይዞራል፤ በዚሁ ጉዞው ሞተሩን ያንቀሳቅሳል። በወዲያኛው ወገን ሁለቱ እንደገና ተገናኝተው ከአየር ከተወሰደው ኦክሲጅን ጋር ሲዋሐዱ ውሃ ይሆናሉ።

የአንዱ ሴል ጉልበት ከ1 ቮልት ያንሳል። ስለዚህ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሁለተኛው ሚራይ ውስጥ 330 ሴሎች ተደራርበዋል። መኪናው 5.6 ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን በ700 ባር ግፊት ይይዛል፤ በዚህም 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ለመሙላት 5 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ያ ሁሉ ጋዝ ሲያልቅ የወጣው 50 ሊትር ያህል ውሃ ብቻ ነው። (የአፖሎ ጠፈርተኞች ከእንዲህ ያለው መሣሪያ የወጣ ውሃ ይጠጡ ነበር፤ ከማርሚታ እንዲጠጣ ግን አንመክርም።)

እንግዲህ በከተማ መንገድ ዳር ለቆመ እግረኛ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን ማርሚታውን ብቻ አይተን ብንፈርድ ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። ሃይድሮጂን ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ የሚገኝ ስለሆነ ማላቀቂያ ኃይል ይፈልጋል። ዛሬ በዓለም ላይ የሚመረተው አብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። ከተፈጥሮ ጋዝ 1 ኪሎ ሃይድሮጂን ሲወጣ ከ9 እስከ 10 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል፤ በዚያ አንድ ኪሎ መኪናው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ለዚሁ መንገድ 7 ሊትር የሚፈጅ የቤንዚን መኪና 16 ኪሎ ያህል ይለቃል። ልዩነት አለ፤ ንጹሕ ለማለት ግን አያስደፍርም።

ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ማውጣትም ይቻላል፤ በውሃ ኃይል ከሆነ ጭስ የለውም። ዳሩ ግን ለ1 ኪሎ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። ይህንኑ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ለባትሪ መኪና ብንሰጠው ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።

በአገራችን ኤሌክትሪኩ ከሞላ ጎደል ከወንዞች የሚመጣ ነው፤ መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ወስኗል። ስለዚህ ለቤት መኪና ባትሪውን እንመርጣለን። ስለ ከባድ መኪና ግን በመካከላችን ስምምነት የለም። ገሚሶቻችን ከጅቡቲ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚጫን ጭነት የባትሪው ክብደትና የመሙያው ጊዜ ስለሚከብድ ሃይድሮጂን ይሻላል እንላለን። የቀሩት ደግሞ ሼል እ.ኤ.አ. በ2024 በካሊፎርኒያ የነበሩትን የአውቶሞቢል ሃይድሮጂን ማደያዎች መዝጋቱን ያነሣሉ፤ ሀብታሙ አገር ያልያዘውን ማደያ በአፋር በረሃ ማን ይተክለዋል ይላሉ። መምህራን በዚህ ላይ ቢያከራክሩን ደስ ይለናል።