አንድ ጊዜ መማር አይበቃም
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው በየዓመቱ በዚህ ስብሰባ ላይ የገቢና የወጪ ሒሳብ ይነበባል፤ በዓመቱ ውስጥ ያጣናቸው ወገኖች በስም ይታወሳሉ፤ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ወንበሩና ስለ ድስቱ እንከራከራለን፤ ከዚያ በኋላ ወደየቤታችን እንሄዳለን። ዘንድሮ ግን ዳኛችን «ስለ ጎልማሶች ትምህርት ጥቂት ተናገር» ብለው ስላዘዙኝ አንድ ሐሳብ ይዤ ቀርቤአለሁ። ሐሳቡ አጭር ነው። ይኸውም ይህ የዕድር ቤታችን ለቅሶ በሌለበት ቀን ተቆልፎ ይውላል፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለትላልቅ ሰዎች ትምህርት ይከፈት የሚል ነው።

«ዕድርና ትምህርት ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕድር የተቋቋመው ሰው ሲሞት በክብር ለመቅበር፣ የቀረውንም ቤተ ሰብ ለማጽናናት ነው። የሐረር ሰዎችም አፎሻ የሚሉት ማኅበራቸው ለሐዘንም ለደስታም አንድ ላይ የሚቆሙበት ነው። ነገር ግን ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ የሚረዳዳ ማኅበር ሥራውን የጀመረው ከመጨረሻው በኩል ነው። በሕይወት ሳለንም እኮ የምንረዳዳበት ብዙ ጉዳይ አለ።

የጎልማሶች ትምህርት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወጥተው ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ ፊደል ማስቆጠር ነበር። ከዚያም በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ያን ጊዜ የእኛ አካባቢ ገና ከጦርነት መውጣቱ ነበር። ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር እጅ የተመለሰችው በየካቲት ወር 1970 ዓ.ም. ነው። አንድ ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላ ሰው ደብተር ይዞ ወደ ቀበሌ አዳራሽ፣ ወደ ገበሬ ማኅበር ቤት፣ አዳራሽ ከሌለም ወደ ዛፍ ጥላ እንዲሄድ ተጠራ። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚለውን መፈክር የማያስታውስ የእኛ ዕድሜ ሰው ያለ አይመስለኝም። በዚያን ጊዜ ያስተማሩም የተማሩም ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ትምህርቱ በመጀመሪያ በአምስት ቋንቋ፣ ማለትም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ ተጀምሮ በኋላ ወደ 15 ቋንቋ ደረሰ። በ1972 ዓ.ም. መጨረሻም ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተሰጠው። እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ወዶ የተማረ እንዳለ ሁሉ ቀበሌ አስገድዶት የተቀመጠም ነበር። ቢሆንም አርባና አምሳ ዓመት የሞላው ሰው ፊደል መቁጠር እንደሚችል በዓይናችን አይተናል። «ሸምግያለሁ፣ አይገባኝም» የሚለው ምክንያት በዚያን ጊዜ ነው የወደቀው።

ጎረቤቶቻችንም ሠርተውታል። ታንዛኒያ በፕሬዚዳንት ኔሬሬ ጊዜ እ.ኤ.አ. 1970ን የጎልማሶች ትምህርት ዓመት ብላ ነበር። ሶማሊያም ሶማልኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ በ1965 ዓ.ም. ከወሰነች በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. መጨረሻ ትምህርት ቤት ዘግታ ተማሪዎቿን ወደ ግመል አርቢው ልካለች።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ከተማረ ዛሬ ምን ጎደለ? እንግዲህ የንግግሬ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው።

ከአባሎቻችን አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በቋንቋቸው በኦሮምኛ ተምረው የምስክር ወረቀት ወስደዋል። ወረቀቱንም እስከ ዛሬ በሣጥን አስቀምጠውታል። በቀደም ዕለት የልጅ ልጃቸው ደብተር ዘርግታ ስታጠና ቀረብ ብለው ቢያዩ አንዲት ቃል ማንበብ አቃታቸው። «ልጄ፣ ፊደሉ ተቀይሮ ነው ወይስ እኔ ነኝ የረሳሁት?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «እማማ፣ እርስዎ አልረሱም፤ ፊደሉ ነው የተቀየረው» አልኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛውም ሶማልኛውም ይጻፍ የነበረው በግዕዝ ፊደል ነበር። በጥቅምት ወር 1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ። በክልላችን ትምህርት ቤቶች ሶማልኛውም እንደዚሁ በላቲን ፊደል ሆነ። በሐረርጌ ፊደል ሲፈለግ የኖረ ነገር ነው፤ ሼህ በክሪ ሳጳሎም በ1948 ዓ.ም. ግድም ለኦሮምኛ የራሳቸውን ፊደል ፈጥረው ያስተምሩ ነበር። የትኛው ፊደል ይሻላል የሚለውን ክርክር ዛሬ አላነሣም። እኔ የምለው በአንድ ፊደል ተምሮ የምስክር ወረቀት የወሰደ ሰው፣ አንዲት ጥፋት ሳይሠራ በአሥር በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በገዛ ቋንቋው እንደገና ያልተማረ ሆነ ነው። ሌላው ደግሞ ፊደሉ ሳይቀየርበት እንኳ የሚያነበው ወረቀት ስላልነበረው ቀስ በቀስ ረሳው። ያልተሠራበት ዕውቀት እንደ አልታረሰ መሬት ዳዋ ይለብሳል።

በባቢሌ ደግሞ ይህ ከሌላው አገር ይብሳል። ባቢሌ የሚባል ወረዳ በኦሮሚያም በሶማሌም ክልል አለ። ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው በዚህ መንገድ ዳር የሚያድግ ልጅ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛም በሁለት ዓይነት ፊደል ያያል። ልጆቻችን ይህን ችለውታል። እኛ ግን የልጃችንን ደብተር ማንበብ ካልቻልን ማጥናቱንና አለማጥናቱን የምናውቀው ራሱ ሲነግረን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ገንዘብ ነው። ቴሌብር የሚባለው አገልግሎት በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብር በስልክ ይላካል፣ በስልክ ይከፈላል። ልጅ ከድሬዳዋም ሆነ ከአዲስ አበባ ለእናቱ ይልካል። እናት ግን መልእክቱን ማንበብ ስለማትችል ስልኩን ለመጀመሪያው ላገኘችው ሰው ትሰጣለች፤ «የምሥጢር ቁጥሬ ይሄ ነው፣ እስቲ እየው» ትላለች። የምሥጢር ቁጥር የተባለው እኮ ምሥጢር እንዲሆን ነው! የሣጥን ቁልፏን ለመንገደኛ የማትሰጥ ሴት የገንዘቧን ቁልፍ በአደባባይ ትናገራለች። ይህን ማስተማር የአንድ ወር ሥራ ነው።

ሦስተኛው እርሻችን ነው። የባቢሌ ስም የሚነሣው በኦቾሎኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ የሚሆኑ የቱርክ ዶሮዎች ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ቢመረመር መኖአቸው ከሻገተ ኦቾሎኒ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ሻጋታው የሚያወጣውን መርዝ አፍላቶክሲን አሉት። ይህ መርዝ በሰው ላይ ቆይቶ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ቢቆሉትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ፋጉሎውን የበላች ላም ወተት ውስጥም ይገባል። በምሥራቅ ሐረርጌ በተደረገ ምርመራ የባቢሌ ኦቾሎኒም ከዚህ ነጻ ሆኖ አልተገኘም። መከላከያው ግን በእጃችን ነው። ፍሬው እንደተነቀለ በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በምንጣፍ ወይም በሸራ ላይ አስጥቶ በደንብ ማድረቅ፣ የተሰበረውን፣ የጨማደደውንና የሻገተውን መልቀም፣ ከሁሉም በላይ ቅርፊቱ እንዲላላ ብሎ ውሃ አለማርከፍከፍ ነው። ሲፈለፍሉ ጣት እንዳይጎዳ ብለን ውሃ የምንረጨው እኛው ነን፤ ሻጋታውም የሚፈልገው ይህንኑ ውሃ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ባቢሌ በኦቾሎኒ ላይ ምርምር ያደርጋል። ዩኒቨርሲቲው ድሮ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሲባል በአሜሪካኑ የኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ የተቋቋመ ሲሆን፣ የዚያም ዓይነት ኮሌጅ መመሪያ ዕውቀቱ ከግቢው አጥር ወጥቶ ለገበሬው ይድረስ የሚል ነው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ መጥቶ አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲያስረዳን በደብዳቤ ብንጠይቅ ምን ነውር አለበት?

አራተኛው የራሳችን ዕድር ነው። መተዳደሪያ ደንባችንን በጣት አሻራ የፈረምን ብዙ ነን። ማሻሻያ ሲነበብ አዳራሹ ይንጫጫል፤ «ተስማምተናል?» ሲባል «ተስማምተናል!» እንላለን። ባል ሲሞት ግን ሚስቲቱ ስንት ብር እንደሚገባት፣ በስንት ቀን እንደሚከፈላት፣ ወርኃዊ መዋጮ ውዝፍ ካለባት ምን እንደሚደረግ የምትሰማው በለቅሶው መካከል ነው። በዚያ ሰዓት የሚነገር ነገር ወደ ጆሮ አይገባም። ደንባችንን አንቀጽ በአንቀጽ፣ በሰላሙ ጊዜ፣ በሚገባን ቋንቋ ብንማረው ከስንት ቅሬታ እንድናለን።

በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ስለ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ይነግሩናል። በአሜሪካን አገር ብዙ የእኛ ሰው በሚኖርበት በሜሪላንድ ግዛት ሞንጎመሪ ኮሌጅ የሚባል አለ። እዚያ ወጣቱ ለዲግሪ ሲማር፣ ጡረተኛው ደግሞ ያለ ፈተና፣ ያለ ዲግሪ፣ ሥዕል ወይም ታሪክ ወይም ኮምፒዩተር ለመማር ይመጣል። ዕድሜው 60 ለሞላ የግዛቱ ነዋሪ የትምህርቱን ዋጋ ይተዉለታል። «ለምን ትማራለህ?» ቢሉት «ገና አልሞትኩም» ነው መልሱ። እኛ ኮሌጅ መሥራት አንችልም፤ ቤት ግን አለን፣ ወንበር አለን፣ መብራት አለን። በአገራችንም የጎልማሶች ትምህርት ብሔራዊ ስትራቴጂ በ2000 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ተግባር ተኮር የሚባለው የሁለት ዓመት ትምህርት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ተሠርቶበታል። ማንበብን ከእርሻው፣ ከጤናው፣ ከገቢው ጋር አያይዞ ማስተማር ነው ሐሳቡ። ስለዚህ እኔ አዲስ ነገር አልፈጠርኩም።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ። አንዳንዱ «የለቅሶ ገንዘብ ለጠመኔ ሊውል ነው?» ይላል። አይውልም። የለቅሶው ገንዘብ አንድ ሳንቲም እንዳይነካ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ለጥቁር ሰሌዳና ለጠመኔ ፈቃደኛው ለብቻው ያዋጣ። ሌላው «ማን ያስተምራል?» ይላል። ጡረታ የወጡ መምህራን ከመካከላችን አሉ፤ የጤና ባለሙያ አለች፤ የስልኩን ነገር ደግሞ ልጆቻችን ያስተምሩን። ልጅ አባቱን ሲያስተምር አባት አይዋረድም፤ ልጁ ነው የሚከበረው። ሦስተኛው «ጊዜ የለንም» ይላል። ወንድሞቼ፣ በዚህ አገር ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ስንት ሰዓት እንደምንቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን! ከሳምንቱ በርጫ ሁለት ሰዓት ቢቀነስ ጫቱም አይቀየምም።

«አረጀሁ» ለሚለው መልሱ የአባቶቻችን ተረት ነው፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። ጠምጥመን ከሆነም ጥምጣሙን ሳናወልቅ እንማር።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ የዕድር ቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ይከፈት፤ ለቅሶ ካለ ትምህርቱ ይቅር። ሁለተኛ፣ ፊደል ያልቆጠረ ፊደሉን፣ ፊደል የቆጠረ ደግሞ ያላወቀውን ሌላውን ፊደል ይማር፤ ኦሮምኛውም ሶማልኛውም አማርኛውም ቦታ ይኑረው። ሦስተኛ፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ለስልክ ገንዘብ፣ ለጤና፣ ለኦቾሎኒ አደራረቅ፣ ለደንባችን ተራ በተራ ይሰጥ። አራተኛ፣ ፈተና አይኑር፣ መቅጫም አይኑር። በግድ የተማረ ዘመቻው ሲያልፍ እንደሚረሳ አይተናል። አምስተኛ፣ ሴቶች እንዲመጡ ሰዓቱን እነርሱ ይምረጡ፤ የቤቱን ሥራ የተሸከሙት እነርሱ ናቸውና።

ከስድስት ወር በኋላ ሰው ካልመጣ ቤቱን መልሰን እንቆልፈዋለን፤ የምናጣው አንድ ካርቶን ጠመኔ ነው። ሰው ከመጣ ግን ያቺ እናት የልጅ ልጃቸውን ደብተር ይገልጣሉ፤ ሌላዋም የተላከላትን ብር ራሷ አንብባ ትቆጥራለች። የሚቀጥለው ዓመት ሒሳብ እዚህ ሲነበብም ጥቂቶቻችን በወረቀቱ ላይ በጣታችን እየተከተልን፣ «ጸሐፊ፣ እዚህ መስመር ላይ ስሕተት አለ» እንል ይሆናል። ጸሐፊያችን እንደማይቀየሙ አውቃለሁ።

 ፈጣሪ ለቅሶውን ያርቅልን፣ ማኅበራችንንም ያጽናልን።