ደሴት በሕዝቧ ትኖራለች



የዛሬው ንግግራችን ስለ ትንንሽ ደሴቶች ኑሮ ነው። ጥያቄያችንም፥ በውሃ የተከበበ ጥቂት ሕዝብ ኑሮውን ለልጅ ልጁ ሊያወርስ የሚችለው ምን ሲሟላለት ነው? የሚል ነው።

ከስኮትላንድ በስተምዕራብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሴንት ኪልዳ የምትባል ደሴት አለች። ሕዝቧ የባሕር ወፍ እያደነ፥ በግ እያረባ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሮባታል። ዳሩ ግን ወጣቶቹ እየተሰደዱ በሄዱ ቁጥር ጀልባ የሚቀዝፍ፥ ገደል ወጥቶ ወፍ የሚይዝ ክንድ ጠፋ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፥ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው የሚባለው ደረሰባቸው። በመጨረሻም የቀሩት 36 ሰዎች ራሳቸው መንግሥትን ለምነው፥ ነሐሴ 23 ቀን 1922 ዓ.ም. ደሴቲቱን ለቀው ወጡ።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ዝዋይ ሐይቅ እንመልከት። የዛይ ሕዝብ ቱሉ ጉዶን በመሳሰሉት ደሴቶች ላይ ተዳፋቱን በእርከን ከፍሎ እያረሰ፥ ዓሣ እያጠመደ፥ ከሐረሪና ከስልጤ ጋር የሚዛመድ የራሱን ቋንቋ እየተናገረ ኖሯል። ዛሬ ግን ብዙው ሕዝብ ተሻግሮ በሐይቁ ዳር ሰፍሯል። የደሴቶቹ መሬት ጠባብ ነው፤ ቆሮሶው ከልክ በላይ ተጠምዶ ቀንሷል፤ ለመስኖና ለአበባ እርሻ የሚሳበው ውሃ ሐይቁን ይጎዳል፤ እምቦጭም ገብቶበታል። ይህን ሁሉ ደሴተኛው ብቻውን አላመጣውም፤ ብቻውንም ሊመልሰው አይችልም።

እኛ ተማሪዎች በተለይ ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። የደሴት ልጅ ከፍ ያለ ትምህርት ሲሻ ሐይቁን መሻገር ግድ ይሆንበታል። የተማረው ሁሉ ተሻግሮ ከቀረ፥ ትምህርት ለደሴቲቱ ልጆቿን መሸኛ ብቻ ይሆናል። መድኃኒቱ ልጁን ከትምህርት ማስቀረት አይደለም፤ የሚመለስበትን ምክንያት ማበጀት ነው። ማዕበል የማያሰጋው የሞተር ጀልባ፥ ነርስና መድኃኒት ያለበት ጤና ጣቢያ፥ ስለ ሐይቁ ውሃ በሚመከርበት ስብሰባም ለደሴተኛው መቀመጫ ያስፈልጋል።

ከእኛም የሚጠበቅ ድርሻ አለ። ቋንቋ የምናጠናው የዛይን ቋንቋ ከሽማግሌዎቹ አፍ እንመዝግብ፤ ሥነ ሕይወት የምናጠናውም ዓሣው ስለሚረባበት ወራት ከአጥማጆቹ ጋር እንምከር። የመጨረሻው ቀዛፊ ከወጣ በኋላ የሚደረግ ጥናት ለቤተ መዘክር እንጂ ለሕዝብ አይጠቅምም።