«በምን አወቅህ?» — ሕፃናትን በማስረጃ መጻፍ ስለ ማስተማር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




አንድ መሐንዲስ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሚሰጥ የንባብ ትምህርት ሲናገር ያልተለመደ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከሙያችን የራቀ አይደለም። ከመካከላችን የመሠረት ወይም የዓምድ ስሌት የመረመረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የመጨረሻው ቁጥር ትክክል መስሎ ስለ ታየ ብቻ አይጸድቅም። የአፈሩ ምርመራ፣ የጭነቱ መጠን፣ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ እያንዳንዱ ከነምንጩ ሊታይ ይገባዋል። ይህ ልማድ ታዲያ በዩኒቨርሲቲ አይጀምርም። የሚጀምረው አንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ «እንዲህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ምንባቡ እንዲህ ይላል» ብሎ መጻፍ በቻለ ዕለት ነው።

በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። ስለዚህ ፊደል ማስለየትና አቀላጥፎ ማስነበብ ቅድሚያ ማግኘቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን አቀላጥፎ ማንበብ መንገድ እንጂ መድረሻ አይደለም። «ሚኒስትሪ» እያልን የምንጠራው የ8ኛ ክፍል ፈተና ከተሰጡት አማራጮች አንዱን ፊደል የሚያስመርጥ በመሆኑ፣ ተማሪው መልሱን እንጂ የመልሱን ምክንያት እንዲገልጽ አይጠየቅም። በዚህም ላይ በአዲስ አበባ በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳብንና ሳይንስን በእንግሊዝኛ መማር ይጀምራል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ምክንያት ማቅረብን ያልለመደ ልጅ በባዕድ ቋንቋ እንዴት ይለምደዋል?

እኔና ጥቂት የሙያ ባልደረቦቼ ቅዳሜ ቅዳሜ በጉለሌ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህራንን ስናግዝ ቆይተናል። ለ4ኛ ክፍል ካዘጋጀናቸው አጫጭር ምንባቦች አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፦ «አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆረጠ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ አደገ፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ሆኖም ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል በደንብ አይበቅልም።» ጥያቄውም «ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ጠቅሟታል ወይስ ጎድቷታል?» የሚል ነበር።

ጥያቄው ለይስሙላ የቀረበ አይደለም። በዚሁ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በ705 ሄክታሩ የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፣ ባሕር ዛፍ በሸፈነው መሬት ላይ አገር በቀል ዛፎችን መልሶ ለማልማት ሲሠራ የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ብዙዎቹ ልጆች በመጀመሪያ የጻፉት «ጠቅሟታል፤ ጥሩ ዛፍ ስለ ሆነ» የሚል ነበር። ይህ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ቃል መድገም እንጂ ማስረጃ አይደለም። አንዲት ልጅ ግን «ጠቅሟታል፤ እናቴ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ ሽሮ ሜዳ እየሸጠች ታሳድገናለች» ብላ ጻፈች። ይህን የመሰለውን መልስ «ከምንባቡ ውጪ ነው» ብሎ መሰረዝ ልጅቷን ከነኑሮዋ መሰረዝ ይሆናል። ከምንባቡ እንደ ተገኘ አድርጎ መቀበልም ትክክል አይደለም። መምህርቷ ያደረጉት ደብተሩን በሁለት ዓምድ ማስከፈል ነው፤ አንዱ «ከምንባቡ»፣ ሁለተኛው «ከራሴ»። ልጅቷም የእናቷን ነገር በሁለተኛው ዓምድ አስፍራ፣ በመጀመሪያው «ምንባቡ ከጉቶው ያቆጠቁጣል ይላል። ስለዚህ ዘንድሮ የተቆረጠው ቆይቶ እንደገና ማገዶ ይሆናል» ስትል ጻፈች። ሌላ ተማሪ ደግሞ «ጎድቷታል። ምንባቡ ከሥሩ ሌላ ተክል አይበቅልም ይላል። ሣር ከሌለ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል» አለ። ሁለቱም ሙሉ ነጥብ አገኙ።

ከዚህ የምንረዳው ሥራው ሦስት ደረጃ እንዳለው ነው፤ ሐሳብን መናገር፣ ከምንባቡ ማስረጃ መጥቀስ፣ ማስረጃው ሐሳቡን እንዴት እንደሚደግፍ ማብራራት። ከሦስቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ልጆች ዓረፍተ ነገር መገልበጥን ቶሎ ይለምዳሉ፤ «ስለዚህ» ብሎ መቀጠልን ግን የሚማሩት ቀስ በቀስ ነው። የነጥብ አሰጣጡም ይህንኑ ሊከተል ይገባል። ነጥቡ ሁሉ መምህሩ ለሚወደው መልስ የሚሰጥ ከሆነ፣ ልጁ ምንባቡን ማንበቡን ትቶ የመምህሩን ፊት ማንበብ ይጀምራል።

«ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን ሁሉ ማን ያርማል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። እኛ በሳምንት አንድ አንቀጽ ብቻ አጽፈን፣ ልጆቹ በጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን ማስረጃ በምንባቡ ላይ በጣቱ እንዲያሳይ አድርገናል። መምህሩ በየሳምንቱ አሥር ደብተር ብቻ እየመረጠ ያርማል። የሚያስፈልገው አጭር ምንባብና እርሳስ ነው።

ነገሩ ለባህላችንም እንግዳ አይደለም። በበላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪው ምስክር ጠርቶ ነገሩን ማስረዳት ነበረበት። የአንድምታ መምህራንም «ለምን ቢሉ» እያሉ ንባቡን ከነምክንያቱ ሲተረጉሙ ኖረዋል። የቀረን ይህን የአባቶቻችንን ጥያቄ ለዘጠኝና ለዐሥር ዓመት ልጆች ማድረስ ነው።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት እያንዳንዳችን ስለምናውቀው ሥራ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ውኃ መስመር፣ ስለ ግድብ፣ በቀላል አማርኛ አንዳንድ ገጽ ምንባብ እየጻፍን በየሰፈራችን ላሉት ትምህርት ቤቶች እንድንሰጥ አሳስባለሁ። ምንባቡ ክርክር የሚያስነሣ፣ ማስረጃውም በውስጡ የሚገኝ ይሁን። ዛሬ «በምን አወቅህ?» ተብሎ ያልተጠየቀ ልጅ፣ ነገ ሹመኛም ሆነ መሐንዲስ ሲሆን ሌላው ሲጠይቀው ይቆጣል። የተጠየቀው ግን መልሱን ከነማስረጃው ይዞ ይቀርባል።