የሥራ ጫናን በመጠይቅ መለካት፦ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ምን እንጠይቅ?

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከሆሳዕናና ከዱራሜ መሥሪያ ቤቶች ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንደምን ዋላችሁ?

ሁላችሁም «እግዚአብሔር ይመስገን» አላችሁኝ። ከመካከላችሁ ሌሊቱን በተረኛነት ያደረ፣ የሦስት ክፍል ፈተና አርሞ ያልጨረሰ፣ ነገ የሚያስረክበው ሪፖርት የሚያሳስበው ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሱ ግን አንድ ነው። ይህ የጨዋነት ወጋችን ነው፤ ለተመራማሪ ግን የመጀመሪያው ፈተና ነው። ስለ ሥራ በወረቀት ስንጠይቅም ሰው በቅድሚያ የሚሰጠን ይህንኑ የሰላምታ መልስ ነውና።

ከቃሉ ልጀምር። እንግሊዞች ስትረስ የሚሉትን አንዳንዶቻችን ጭንቀት፣ አንዳንዶቻችን ውጥረት፣ ሌሎቻችን ጫና እንለዋለን። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ጭንቀት በሰውየው ልብ ውስጥ ያለ ነው፤ «ትጨነቃለህ ወይ?» የተባለ ሠራተኛ ስለ ጽናቱ የተጠየቀ ይመስለዋል፤ ወረቀቱን አለቃው ያነበዋል ብሎ ከጠረጠረ ደግሞ መልሱን ሳንጠይቀው እናውቀዋለን። ጫና ግን ከውጭ የሚመጣ ነው። ጫኝ አለው፣ ልክ አለው፣ ሊቀነስም ይችላል። ስለዚህ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ስለ ጫናው ይጠይቅ፤ ጭንቀቱን ለሐኪሙ ይተውለት እላለሁ።

በዚህ ዘርፍ ብዙ የተጠቀሰው ሐሳብ ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ነው። ሥራው ብዙ እየጠየቀ ሠራተኛው የመወሰን ሥልጣን ሲያጣ ጉዳቱ ይበረታል ይላል። ለዚህ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን የተሻለ ማስረጃ አይታየኝም። ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ያህል ሰው፣ ሁለት ሴቶች ተመደቡ፤ 16 የጤና ፓኬጆችም ተሰጧቸው። ከፓኬጆቹ ዛሬ የቱ ይቅደም የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ የምትወስነው እርሷ አይደለችም፤ ዘመቻው ከወረዳ ይታዘዛል።

ካራሴክ ይህን የመወሰን ሥልጣን «ኮንትሮል» ይለዋል። በየዓመቱ በማነባቸው የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቆች ውስጥ ቃሉ «ቁጥጥር» ተብሎ ይመጣል፤ ጥያቄውም «በሥራዬ ላይ በቂ ቁጥጥር አለ» ይሆናል። በእኛ ቢሮ ቁጥጥር ማለት ተቆጣጣሪ፣ ኦዲትና የፊርማ መዝገብ ነው። መልስ ሰጪው «አዎ፣ በደንብ እቆጣጠራለሁ» ሳይሆን «በደንብ ይቆጣጠሩኛል» ብሎ «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ተማሪያችን ደግሞ ነፃነት ያለው ሠራተኛ አገኘሁ ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ መረጃውን ኤስፒኤስኤስ ውስጥ አስገብቶ «ክሮንባክ አልፋው ከ0.70 በላይ ነው» ይለኛል። ውድ ተማሪዎች፣ አልፋ ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን እንጂ በትክክል መረዳታቸውን አይነግራችሁም። ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት መንገድ ከተሳሳተ አልፋው ያማረ ይሆናል! «ሥራዬን በምን ቅደም ተከተል እንደምሠራ የምወስነው እኔ ነኝ» ብላችሁ ብትጽፉ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም።

ሌላው ችግር የመጠይቆቹ ዝምታ ነው። የብሪታንያ የሥራ ላይ ጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ደረጃ መሠረት የተዘጋጀው መጠይቅ 35 ጥያቄዎች አሉት፤ የሥራ ብዛትን፣ የመወሰን ሥልጣንን፣ ድጋፍን፣ የሥራ ግንኙነትን፣ የኃላፊነት ግልጽነትንና የለውጥ አመራርን ይመለከታል። መልካም መጠይቅ ነው። ነገር ግን ደመወዝህ በወሩ መጨረሻ ደርሶህ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። ዮሐንስ ዚግሪስት እ.ኤ.አ. በ1996 ድካምንና ዋጋውን ያነጻጸረበት ንድፈ ሐሳብ ደመወዝን ያካትታል፤ የሚጠይቀው ግን ስለ በቂነቱ ነው። መድረሱንማ ማን ይጠራጠራል? በ2016 ዓ.ም. በሀዲያ ዞንና በአጎራባች አካባቢዎች የመምህራንና የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መዘግየቱ በመገናኛ ብዙኃን ሲዘገብ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዱቤ ከሚወስድበት ሱቅ ፊት ለፊት ማለፍ ያፈረ መምህር 35ቱን ጥያቄዎች ሞልቶ ሲጨርስ ትልቁ ሸክሙ አንድም ቦታ አልሰፈረም።

እዚህ ላይ የቢሮ ኃላፊዎች «በጀቱ በእጄ የለም፤ ጠይቄ ምን ላደርግ?» ይሉ ይሆናል። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ «ደመወዝ ይዘገያል ወይ?» ከማለት ይልቅ «ደመወዝ ሲዘገይ ምክንያቱንና ሊከፈል የሚችልበትን ቀን በጊዜው የሚነግረኝ ኃላፊ አለ» የሚለው ይጠየቅ። የመጀመሪያውን ኃላፊው ይመልሰው ዘንድ አይችልም፤ ሁለተኛውን ግን በነጋታው ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስቦ ማስተካከል ይችላል።

ስለ እምነትም ማንሳት አለብኝ። ሠራተኞቻችን ግምገማን ያውቃሉ፤ የተናገሩት ተመልሶ ወደ እነርሱ ሊመጣ እንደሚችልም ያውቃሉ። ስም አትጻፉ ማለት ብቻውን ምሥጢር አይጠብቅም። መጠይቁ ገና ከመጀመሩ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ክፍል ይላል። በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት «ሴት፣ ከ35 ዓመት በላይ፣ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ፋይናንስ» ማለት ስሟን ከነአባቷ መጻፍ ነው። ሁለት ሠራተኞች ባሉበት ጤና ኬላማ ምን ምሥጢር አለ? በእኔ አስተያየት ከ10 ሰው በታች ያለው ክፍል ውጤቱ ለብቻው አይውጣ፤ ትንንሾቹን ከሾኔ እስከ ሺንሺቾ ሰብስቦ ማወያየት ከመጠይቅ ይሻላል።

ከጎረቤታችን የምንማረውም አለ። በወራቤ አልፈን ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምናገኛት ቡታጅራ በአእምሮ ጤና ጥናት በዓለም የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት በነፍሰ ጡሮችና በወለዱ እናቶች ላይ ሁለት መለኪያዎች ተነጻጽረው የዓለም ጤና ድርጅት 20 ጥያቄዎች ከኤድንበራው መለኪያ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት እያሉ የሚሄዱ፣ አዎ ወይም አይደለም የሚባልባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ይሁንና ከሃያዎቹ አንዱ ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ ይጠይቃል። አዎ ያለውን ሰው የሚቀበል ባለሙያ ሳያዘጋጅ ይህን መጠይቅ የሚበትን መሥሪያ ቤት ካለ ባይበትነው ይሻላል።

ሕጉም ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራው የሥነ ልቦና ጉዳት ምንጭ እንዳይሆን አሠሪው እንዲጠነቀቅ ያዛል፤ የመንግሥት ሠራተኞች ግን በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ መምህሩና ነርሷ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።

አንድ ነገር ልጨምር። መጠይቃችን የሚደርሰው ለቀሩት ነው። ከእነዚህ ከተሞች ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ ሁላችንም በየቤታችን እንቆጥራለን፤ ከእነርሱ መካከል ሥራውን ጥሎ የሄደ መምህር አለ። እርሱ በናሙናችን ውስጥ የለም፤ ጫናው የከበደበት ሰው ሲወጣ የቀሪዎቹ አማካይ ውጤት የተሻሻለ ይመስላል። ስለዚህ ከመጠይቁ ጎን የለቀቁትን ቁጥር ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ።

ዘንድሮ መረጃ ልትሰበስቡ የተዘጋጃችሁ ተማሪዎች፣ መጠይቃችሁን ለኃላፊው ስታሳዩ እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ «መልሱ መጥፎ ቢሆን ምን ትለውጣለህ?» በሉትና መልሱን በእርሳስ ከጎኑ ጻፉ። ባዶ የቀረውን ጥያቄ አውጡት፤ በቀሩት ላይ ውጤቱ ለሠራተኛው የሚነበብበትን ቀን አስፈርሙት። ከ60 ጥያቄ 12 ቢተርፋችሁ አትደንግጡ፤ አማካሪያችሁ ቢቆጣ ወደ እኔ ላኩት። አሁን የእናንተን ጥያቄ ልስማ።